ስለ ኃላፊያችን ፀጉር መጥቆር የቀረበ እውነተኛ መግለጫ

በዓለም ላይ መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ እውነትን በግራም የሚያውቅ ግን የኛ ብቻ ነው። የሚዛንና መለኪያ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት እንባላለን። የሥጋ ሻጩ ሚዛን፣ የወርቅ ሠሪው ሚዛን፣ ጨቅላ የሚመዘንበት የክሊኒክ ሚዛን፣ የጨርቅ ነጋዴው ሜትር ሳይቀር በዓመት አንዴ እኛ ዘንድ ቀርቦ ካልተፈተሸና ማኅተማችን ካላረፈበት መለኪያ አይባልም፤ ዝም ብሎ ብረት ነው። እኔ የዚህ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው የተናገረውን ሳይሆን ሊናገር ይገባው የነበረውን ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ቅሬታ ቀርቦብኝ አያውቅም። ስለዚህ ስለ ኃላፊያችን ፀጉር የምላችሁን ያለ ጥርጣሬ ብትቀበሉኝ ደስ ይለኛል።

ኃላፊያችን ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ይኼን የምለው ላማቸው ብዬ አይደለም፤ በሽታቸው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የባለቤታቸው ወንድም የሥጋ ቤቱን ሚዛን ሊያስፈትሽ መጣ፤ ከሳህኑ ሥር ስምንት ግራም የረጋ ሞራ ተገኘ። ሌላ ኃላፊ ቢሆን ሞራውን በጨርቅ ጠርጎ፣ የቤተሰብ ጤና ጠይቆ ይሸኘው ነበር። እሳቸው ሱቁን አሥራ አምስት ቀን አሸጉት። ባለቤታቸውም በበኩላቸው አሥራ አምስት ቀን አኮረፏቸው፤ ምሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወደ ጓዳ ዞር ይሉ ነበር አሉ።

ፀጉራቸው መሸበት የጀመረው በአርባ ስምንት ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ ጆሮ ግንዳቸው አካባቢ ብቅ አለ፣ ከዚያ ግንባራቸውን ያዘ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተሻገረና በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ራሳቸው ላይ አንድ ጥቁር ዘለላ አልተረፈም። ማንም ከቁብ አልቆጠረው፤ እሳቸውም ጭምር። እንዲያውም ሽበታቸው ያምርባቸዋል፣ ነጋዴም ይፈራዋል ይባል ነበር። ይኼ ሁሉ የዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እስኪደርስ ነው።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው ኃላፊ ሁሉ በጡረታ ይሰናበታል፤ ሆኖም ‹‹አካላዊና አእምሯዊ ንቃቱ በሚለካ ማስረጃ ለተረጋገጠ ኃላፊ›› አገልግሎቱ ለአምስት ዓመት ሊራዘምለት ይችላል ይላል። ከሥሩ ክብ ማኅተም አለ፣ ማኅተሙ ላይ ፊርማ አለ፣ ከፊርማው አጠገብ ቀን አለ። ንቃት ማለት ምን እንደሆነ ግን የለም። ኃላፊያችን ስድሳ ሊሞላቸው አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ይቀራቸው ነበር፤ ቆጥረው የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

የዚያን ዕለት ቢሯቸው አስጠሩኝና በሩን ዝጋው አሉኝ። ዘጋሁት። ግቢው ውስጥ ሚዛናቸውን ታቅፈው ወረፋ የሚጠብቁትን ሰዎች በመስኮት ሲያዩ ቆዩና ወደኔ ዞሩ።

‹‹ቤት ሄጄ ምን እሠራለሁ?›› አሉኝ። ‹‹ባለቤቴ ድንች ስትገዛ ከኋላዋ ቆሜ የሻጩን ሚዛን ልገላምጥ? በምን ሥልጣኔ?››

ሰውዬው ፈርተዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ከተማውን ያስፈሩ ሰው ድንች ገበያ መሄድ ፈሩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በሉት። ምን እንደምላቸው ጨነቀኝና ‹‹አቅጣጫ ይቀመጥበታል፣ ጋሼ›› አልኳቸው። ከዚህ የተሻለ ማጽናኛ መሥሪያ ቤቱ አላስተማረኝም።

አቅጣጫውን ያስቀመጠው ምክትላቸው ነው። ምክትሉ ገና አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለአለቃው ያለው ፍቅር ግን የስድሳ ዓመት ሰው ፍቅር ነው፤ አለቃው ሲያስነጥሱ መሐረብ የሚያወጣው እሱ ነው። በአስቸኳይ በጠራው ስብሰባ ላይ የንቃትን ትርጉም ሃያ ደቂቃ አብራራልን። ጠቅለል ሲደረግ፦ ንቃት ፊት ላይ ይታያል፤ ፊትን የሚከበው ፀጉር ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የፀጉር ጉዳይ ነው። ማስረጃውን ሊያዩ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጡት ልዑካን በሩን ከፍተው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ፋይል ሳይሆን ጭንቅላት ነው አለ። ይኼ እንኳ እውነት ነው። ከዚያ ቀለም መቀባት የሚባል ነገር እንዳለ ቀስ ብሎ ሲያነሳ ኃላፊያችን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

‹‹ፀጉር መቀባት ሚዛን ላይ አውራ ጣት ማሳረፍ ነው፤›› አሉ። ‹‹እኔ ለአውራ ጣት ሰው አሳስሬያለሁ።››

ስብሰባው በዚሁ ተበተነ። በማግስቱ ምክትሉ አንድ ቡናማ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ጠርሙሱ ላይ ቅጠል ተሥሏል፤ ከቅጠሉ አጠገብ ደግሞ ፀጉሩ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር የሆነ ሰው ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ይኼ ቀለም አይደለም፣ ምግብ ነው አለ ምክትሉ። ፀጉር የሚሸብተው ሰው ስላረጀ ሳይሆን ማዕድን ስለጎደለው ነው፤ የጎደለውን ስንሞላለት ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ራሱ አምኖበት ወደ ተፈጥሮ ቀለሙ ይመለሳል። እንክብሉ ውስጥ መዳብ አለ፣ ዚንክ አለ፣ ቫይታሚን አለ፤ ቫይታሚኖቹ ብዙ ከመሆናቸው የተነሳ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል።

ኃላፊያችን እንዲህ በቀላሉ የሚበገሩ አይደሉም። የሚዛን ጭረት የምናይበትን ማጉያ መነጽር አስመጥተው ጠርሙሱን ዙሪያውን አነበቡት። ከታች፣ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል፣ ‹‹ውጤቱ ከሰው ሰው ሊለያይ ይችላል›› የሚል አገኙ። ከዚያ አንዱን እንክብል የወርቅ መመዘኛው ላይ አስቀመጡት። ጠርሙሱ አምስት መቶ ሚሊግራም ይላል፤ ሚዛኑ አራት መቶ ዘጠና ሰባት አለ። ሦስት ሚሊግራም ተሰርቋል፣ ይኼ ፋብሪካ መታሸግ አለበት ብለው ሊወረውሩት እጃቸውን አነሱ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ። እጃቸውን መልሰው እንክብሉን ዋጡት።

እሳቸው ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ይወስዱ ጀመር። እኛም የአጋርነት መንፈስን ከግንዛቤ በማስገባት በየጠርሙሳችን ገባንበት። ግሳቱ የዛገ ሚስማር የመላስ ያህል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ስንቀመጥ ክፍሉ የብረታ ብረት መጋዘን ይሸታል። ከሁሉ በፊት ለውጥ ያሳየው ጥፍራችን ነው። አደገ፣ ጠነከረ፣ አብረቀረቀ። ምክትሉ ይኼን እንደ መልካም ጅማሮ አድርጎ ወሰደው፤ ማዕድኑ ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ እየመጣ ስለሆነ ራስ ላይ ሲደርስ እናየዋለን አለ። የኃላፊያችን ባለቤት ግን አንድ ቀን ለሥራ ጉዳይ ቤታቸው ስደውል ስልኩን አንስተው ሰውዬውን ተዉልኝ፣ ሽበታቸውን የማየው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አልተከፋሁም አሉኝ። አስተያየታቸው ከባለድርሻ አካል የተሰጠ ግብረ መልስ ተብሎ ተመዝግቧል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ደብዳቤው በሚለካ ማስረጃ ብሏል። ጠጥቶ መጥቆር ብቻውን አይበቃም፤ መለካት አለበት፤ መለካት ደግሞ ሥራችን ነው። ወዲያው የፀጉር ቀለም ማገገም ክትትል ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ምክትሉ፣ ጸሐፊው እኔ፣ ለኪዋ ደግሞ ሚሊግራም ሆነች። ሚሊግራም የምንላት ከፈታሾቻችን አንደኛዋን ነው፤ ‹‹ወደ›› እና ‹‹ገደማ›› የሚባሉ ቃላት ከአፏ ወጥተው አያውቁም፤ ስንት ሰዓት ነው ብትሏት ከነሰከንዱ ነው የምትነግራችሁ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እጇን አወጣችና ከምን ጋር ነው የማነጻጽረው ብላ ጠየቀች።

ጥያቄው የሞኝ እንዳይመስላችሁ። በኛ ቤት ማመሳከሪያ የሌለው ነገር አልተለካም ማለት ነው። አንድ ኪሎ አንድ ኪሎ መሆኑ የሚታወቀው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ቀይ ከፋይ ላይ ከተኛው የናስ ኪሎ ጋር ተያይቶ ነው። ለፀጉር የሚሆን ናስ ደግሞ የለንም። ሚሊግራም ጥቁር ክር ይምጣ አለች፤ የክቡር ኃላፊው ፀጉር ክር አይደለም ተብሎ ውድቅ ሆነ። እኔ ፀጉሬ ገና ጥቁር ስለሆነ ትንሽ ቆርጬ ላበርክት አልኩ፤ የበታች ሠራተኛ ፀጉር ለኃላፊ መለኪያ መሆኑ ከመዋቅሩ ጋር ይጋጫል ተባለ። የወጣትነታቸው ፎቶግራፍ ከማኅደራቸው ወጣ፤ ኮፍያ አድርገዋል።

ሁላችንም አቀርቅረን ሳለ ምክትሉ ፊቱ በራ። ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ አሳየን። ወደ ተፈጥሮ ቀለሙ ይመለሳል ነው የሚለው፤ የማን ተፈጥሮ? የሳቸው። የሳቸው ተፈጥሮ የት ነው የሚገኘው? ራሳቸው ላይ። እንግዲህ ማመሳከሪያው ከራሳቸው ላይ ይቆረጥ።

‹‹አሁን ራሳቸው ላይ ያለው ሽበት ነው እኮ፤›› አለች ሚሊግራም።

‹‹ሳንለካ ስም አንስጥ፤›› አላት።

ይኼ የአሠራራችን የማዕዘን ድንጋይ ስለሆነ የሚከራከረው አልተገኘም። ማኅተም የምናስርበትን ሲባጎ በምንቆርጥበት መቀስ ከኃላፊያችን ራስ አንድ ቁንጥር ፀጉር ተቆረጠ። ብልቃጥ ውስጥ ገባ፤ አፉ በሰም ተደፈነ፤ ሦስታችንም ፈረምንበት። ‹‹ማመሳከሪያ ቁጥር አንድ፣ የተፈጥሮ ጥቁር›› የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ቀይ ከፋዩ ላይ፣ ከናሱ ኪሎ ጎን ተኛ። ኃላፊያችን በዚያች ሰዓት እጃቸውን ወደ ራሳቸው ልከው የተቆረጠውን ቦታ ሲዳስሱ አይቻለሁ።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ቁንጥር ተቆርጦ ከማመሳከሪያው ጋር መብራት ሥር ተያየ። ሚሊግራም አንድ ሰዓት ከሩብ አቀርቅራ ቆይታ ቀና አለች። ልዩነት ዜሮ አለች። ፀጉሩ ከተፈጥሮ ጥቁር ጋር መቶ በመቶ አንድ ነው። በአንድ ሳምንት! አጨበጨብን። ምክትሉ ዕንባ ቀረሽ ንግግር አደረገ፤ የዕቅዱ አፈጻጸም ከዕቅዱ መቅደሙን፣ ይህም የአመራሩ ጥንካሬ ውጤት መሆኑን ገለጸ። እኔም ጻፍኩት።

ኃላፊያችን ከስብሰባው ወጥተው መታጠቢያ ቤት ገቡ። ቆይተው ሲመለሱ በጆሮዬ አሁንም ነጭ መሰለኝ አሉኝ። ምክትሉ ሰማቸው። ‹‹ጋሼ፣ መሰለኝ የሚል ቃል እዚህ ቤት መቼ ነው ሥራ ላይ የዋለው?›› አላቸው፣ በትሕትና። እውነቱን ነው። ሪፖርት ላይ ‹‹መሰለኝ›› ብሎ የጻፈን ፈታሽ በአንድ ወቅት የሦስት ቀን ደመወዝ የቀጡት ራሳቸው ናቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በኛ ጽሕፈት ቤት ግን እያደር ይጠቁራል።

በዚህ ሁኔታ አሥራ ሁለት ሳምንት ተለካ። አሥራ አንዱ መቶ በመቶ ነው። በሰባተኛው ሳምንት ብቻ ዘጠና ስምንት በመቶ ሆነና ደነገጥን። ሲጣራ ጥፋቱ የማመሳከሪያው እንጂ የኃላፊው አይደለም፤ ቁም ሣጥኑ መስኮት ዳር ስለነበረ ፀሐይ መትቶት ወደ ቢጫነት አዘንብሏል። በደንቡ መሠረት ያረጀ ማመሳከሪያ ይታደሳል። ከኃላፊው ራስ ላይ አዲስ ተቆርጦ ታደሰ፤ በስምንተኛው ሳምንት ወደ መቶ ተመለስን። መስኮቱም መጋረጃ ተደረገለት።

ሰው ሲባል ይገርማል። እሳቸው አመኑት። ደረጃ ሁለት ሁለቱን ይወጡ ጀመር። ኪሳቸው ውስጥ ማበጠሪያ መያዝ ጀመሩ። ጠዋት ሲገቡ ለዘበኛው ‹‹እንዴት አደርክ ወንድሜ›› ይሉት ጀመር፤ ድሮ ‹‹ልጄ›› ነበር የሚሉት። ደስ ብሏቸዋል፤ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ድንቹ ተረስቷል። ችግሩ ያለው ከግቢው ውጪ ነው። አንድ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ልጅ ተነስታ ‹‹አባባ ይቀመጡ›› ትላቸዋለች። ቢሮ ሲደርሱ ፊታቸው ጠቁሯል፤ እሱ ያለ መለኪያ የሚታይ ነው። ምክትሉ ግን አጽናናቸው፤ አውቶቡስ ላይ የሚሳፈር ሰው ማመሳከሪያ የለውም፣ በግምት ነው የሚናገረው አላቸው።

አንድ ቀን ሚሊግራም ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንቅልፍ አጥታለች።

‹‹እኔ የምፈርመው ነገር እያመመኝ ነው፤›› አለችኝ።

ያላየሽውን ነው እንዴ የፈረምሽው አልኳት። ያየሁትን ነው፣ አንዱ ከአንዱ በጭራሽ አይለይም አለች። ታዲያ ምን ሆንሽ አልኳት።

‹‹ሁለቱም ሽበት ናቸዋ።››

ዙሪያዬን አየሁ። እንደ ታላቅ ወንድም ነው የመከርኳት፤ ዝም አይነቅዝም አልኳት። የተጠየቅሽው አንድ ናቸው ወይ ተብለሽ ነው፣ መልሰሻል፤ ምን ናቸው ብሎ የጠየቀሽ የለም። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ ሄደች። ምክሬ ሳይጠቅማት አልቀረም፤ ከዚያ ወዲያ ቀና ብላ አላየችኝም።

በመጨረሻ የምስክር ወረቀቱ ወጣ። ወፍራም ወረቀት ላይ፣ በወርቅማ ጠርዝ፣ የክቡር ኃላፊው ፀጉር ጥቁር መሆኑን ያረጋግጣል። ማኅተሙን ያሳረፉት ራሳቸው ኃላፊው ናቸው፤ ማኅተሙ በሳቸው እጅ ስለሆነ ሌላ መንገድ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኛ እንኳ አልያዝነውም፤ በመስታወት አድርገን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

ልዑካኑ ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከሆድ የሚወጣ ትልቅ ሰው ናቸው። ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። መሪው የምስክር ወረቀቱን አነበቡ። ቀና ብለው የኃላፊያችንን ራስ አዩ። ወረቀቱን አዩ። እንደገና ራሱን አዩ። ከዚያ ብዙ ዘመን እንዳገለገለ ሰው ጭንቅላቱን ማየት ተዉና ወረቀቱን ብቻ ያዩ ጀመር። የአሥራ ሁለቱን ሳምንት ሰንጠረዥ ገልበጥ ገልበጥ አደረጉ፣ ብልቃጡን በእጃቸው አገላበጡ፣ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። እንዲህ ያለ የተደራጀ ማስረጃ ከየትም ቅርንጫፍ አልቀረበልንም አሉ። ማራዘሚያው ለአምስት ዓመት ጸድቋል ብለው ብዕራቸውን አወጡ።

ኃላፊያችንን ባያችኋቸው። ዓይናቸው ዕንባ አቅርሯል። ከጎናቸው ስለነበርኩ ሲተነፍሱ ሰማኋቸው፤ ከሦስት ወር በላይ ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኮ ሁላችንም ቤታችን በሰላም እንገባ ነበር። መሪው ግን ንግግር ካላደረጉ የማይፈርሙ ሰው ናቸው። ብልቃጡን ከፍ አድርገው ያዙት። ይኼ ሀብት በአንድ ጽሕፈት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ መታጠር የለበትም አሉ። እስከ ዛሬ ጥቁር የሚባለው ነገር በየገበያው እንደየሰው ዓይን ሲወሰን ኖሯል፤ ከእንግዲህ ማመሳከሪያ ቁጥር አንድ ተባዝቶ ለቅርንጫፎች ሁሉ ይላካል፤ ጨርቅ ሻጩ፣ ቀለም ፋብሪካው፣ ጫማ ሠሪው ጥቁር ነው ብሎ የሚሸጠውን ሁሉ በዚህ ያስፈትሻል። ለዚህ የሚያስፈልገው የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነው። ወረቀቱ በጠረጴዛው ላይ ተንሸራትቶ ኃላፊያችን ፊት ደረሰ።

ኃላፊያችን ብዕሩን አነሱ። አስቀመጡት። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሱ።

‹‹ይኼ ገበያ ሊወጣ ነው?›› አሉ። ‹‹አንዲት እናት ለልጇ ጥቁር ኮት ስጡኝ ስትል በዚህ ለክተው ሊሰጧት?››

መሪው አዎን፣ ከማኅተም ጋር አሉ።

‹‹አይሆንም። ይኼ ሽበት ነው፤›› አሉ ኃላፊያችን። ድምፃቸው አልጮኸም። ‹‹የኔ ሽበት ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ራሴ ላይ ሆኖ ምንም በሉት፣ እኔም ልሞኝ ብዬ ተሞኘሁ። ገበያ ላይ ግን አላወጣውም።››

ምክትሉ ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። እኔ ብዕሬን ይዤ ምን ሊናገሩ ይገባቸው እንደነበር ማሰብ አቃተኝ። መሪው አልተቆጡም፤ በሐዘኔታ ነው ያዩዋቸው። ወደ ሚሊግራም ዞረው እስቲ አሁን፣ እዚሁ፣ እኛ ፊት ለኪው አሏት። ተነሳች። ከኃላፊያችን ራስ ቁንጥር ቆረጠች፣ ከብልቃጡ ጋር አስጠግታ መብራቱን አበራች፣ ረጅም ጊዜ አየች።

‹‹በማመሳከሪያው መሠረት ልዩነት የለም፤›› አለች። ‹‹ግን...››

ግን የሚባል ነገር ቅጹ ላይ ቦታ የለውም አሏት መሪው። ተቀመጪ አሏት። ተቀመጠች።

ከዚያ ለኃላፊያችን፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ በቀስታ አስረዷቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ፀጉርማ እንዴት አይሆን። በአንድ በኩል በሦስት ሰው የተፈረመ፣ በራስዎ ማኅተም የጸና፣ ዛሬም ዓይናችን እያየ የተደገመ ልኬት አለ፤ ጥቁር ነው ይላል። በሌላ በኩል ስድሳ ሊሞላው ሳምንታት የቀሩት አንድ ሰው አለ፤ ነጭ ነው የሚታየኝ ይላል። ከሁለቱ አንዱ ደክሟል። ወረቀት ደግሞ አይደክምም።

ልዑካኑ አሥር ደቂቃ ኮሪደር ላይ ተመካከሩና ተመለሱ። ውሳኔው በእጄ ስለተጻፈ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ ‹‹ኃላፊው የገዛ ራሳቸውን ፀጉር ጥቁርነት መለየት እስኪሳናቸው ድረስ በዕድሜ ምክንያት ዓይናቸው መድከሙን በራሳቸው አንደበት ያረጋገጡ በመሆኑ፣ የማራዘሚያ ጥያቄው ውድቅ ሆኖ፣ ላበረከቱት አገልግሎት ከምስጋና ጋር በጡረታ እንዲሰናበቱ።›› ምክትሉ ኃላፊ ሆነ። ኃላፊነቱን በከባድ ሐዘን እንደተቀበለ ገልጾ የማባዣውን ወረቀት ፈረመ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጥቁር ጨርቅ ስትገዙ ፈካ ብሎ ከታያችሁ ጨርቁን አትጠርጥሩ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ቁልፋቸውን ለማስረከብ ወደኔ መጡ። የቢሮውን፣ የቁም ሣጥኑን፣ የማኅተሙን ሣጥን ቁልፍ አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። ፈርሜ ተቀበልኳቸው። መሄድ ሲገባቸው አልሄዱም። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ራሳቸውን ወደኔ አዘነበሉት፣ መቀስ ያረፈባቸው ቦታዎች ሁሉ እስኪታዩኝ ድረስ።

‹‹ልጄ፣ ስንት ዘመን አብረን ሠራን፤›› አሉኝ ቀስ ብለው። ‹‹እስቲ አንተ እይልኝ። ምንድነው የሚታይህ?››

አየሁት። እንደ ጥጥ ነው። አንድ ጥቁር የለውም። አልዋሻችሁም፣ ልቤ ተሰበረ። አዲሱ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ መልሴን ለመስማት የቸኮለ አይመስልም፣ ጥፍሩን ነበር የሚያየው። ቃለ ጉባኤውን ገለጥኩና ጣቴን መስመሩ ላይ አሳረፍኩ።

‹‹ጥቁር ነው፣ ጋሼ፤›› አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮፍያቸውን አድርገው ደረጃውን አንድ አንዱን እየረገጡ ወረዱ፤ በመስኮት ሳይ ግቢው ውስጥ ሚዛን ታቅፈው የቆሙት ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸው።

የኔ ዓይን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። ጡረታ ልወጣ ገና ስድስት ዓመት ይቀረኛል።